ከሞጣ የሚዞር ዓይን

ባንቺዓለም ጓዳ ውስጥ የገንፎውን ድስት እያጠበች ሳለ አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከመኝታቸው ሆነው ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ካሜራ «እስካሁን እህል የሚባል አልቀመስሁ» ሲሉ ሰማች። እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ገንፎውን በማንኪያ እያቀዘቀዘች አጉርሳ፣ አገጫቸውን ጠርጋ፣ ትራሳቸውን ከፍ አድርጋላቸው ከወጣች የድስቱ ትኩሳት እንኳ አልበረደም። በትክክል የሰማች አልመሰላትምና ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። ካሜራው በታናሽ እህቷ በሰሎሜ ድምፅ፣ ጣሳ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው፣ «ምነው አባባ? እትዬ ባንቺ የለችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «እንጃ፤ ትኖር ይሆናል» አሉ ሽማግሌው። ትኖር ይሆናል! ባንቺዓለም የታጠበውን ድስት ደፋችው፣ መልሳ አነሳችው፣ እንደገናም ታጥበው ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የራሷ ስልክ ጮኸ። ሰሎሜ ከሞጣ ናት። አባባን ራብ ብሏቸው ይሆናልና ትንሽ ነገር ብታቀምሻቸው ምን ይመስልሻል አለቻት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ያለ አንዳች ቁጣ። የሚያበግነውም ይኸው ልስላሴዋ ነበር። ብትቆጣ ባንቺዓለምም ትቆጣና ይወጣላት ነበር። «አሁን አብልቻቸው ወጣሁ» እንዳትል፣ ስንት ዓመት ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ አባቷን ውሸታም ማለት ይሆንባታል። «እሺ» ብላ ዘጋችና ስልኩን ከዱቄቱ ዕቃ ላይ አስቀመጠችው።

ካሜራው እዚህ ቤት የገባው በፋሲካ ነው። የሰሎሜ ባል ስጦታው ሞጣ ላይ ካሜራና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ ለሆቴሉም ለመጋዘኑም የሚገጥመው እሱ ነው። ለአማቱ የበዓል ስጦታ ብሎ የልጅ ጭንቅላት የምታህል ነጭ ክብ ነገር ይዞ መጣና ከአልጋው ትይዩ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ዝቅ አድርጎ ሰቀላት። ያቺ ክብ ነገር ሞጣ ተቀምጣ ሰሎሜ ጣቷን ባስነካች ቁጥር እዚህ ቢቸና ላይ አንገቷን ታዞራለች፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የራቀውንም ታቀርባለች። ስትዞር እንደ ፌንጣ ጥርር የሚል ትንሽ ድምፅ አላት። መሪጌታ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሮአቸው ንጹሕ ነውና ያንን ጥርርታ ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ለባንቺዓለም የቀሯት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «ውኃ»፣ «አዙሪኝ»፣ «በቃ»። ለካሜራው ግን አፋቸው እንደ ጥንቱ ነው። የሞጣን ገበያ ይጠይቃሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው በትምህርት ስንተኛ እንደወጡ ይጠይቃሉ፤ ተማሪ ሳሉ በየጁቤ በኩል በእግራቸው ሲሄዱ ያገኟቸውን ሰዎች ነገር እያነሡ ብቻቸውን ይስቃሉ። ያን ጊዜ ባንቺዓለም ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች። እሷ የማታውቃቸው ታሪኮች ነበሩ። እሷ ግን አባቷን የምታውቃቸው ይመስላት ነበር።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ካሜራው እሷንም ይከተላል። ስትጠርግ ይዞራል፤ ስትጎነበስ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ሰሎሜ ደውላ፣ ከአልጋው ሥር በስተግርጌ በኩል አቧራ ቀርቷል እትዬ፣ አትቀየሚኝና አባባ ሳል አላቸው አለቻት። ባንቺዓለም አቧራውን ጠርጋ ስታበቃ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቷን ስታጥብ ግን ካሜራውን ፎጣ ታለብሰዋለች። ያኔ ዓለም የማያየው የሷና የአባቷ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ወሬ የለውም። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ እሷ ታጥባለች፤ ውኃው ይሰማል። ጎረቤቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ሰሎሜ እኮ ከሞጣ ድረስ አባቷን ትጦራለች፣ ቀን ከሌት ዓይኗን አትነቅልባቸውም፣ ልጅስ እንዲህ ነው ይባላል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ያለው ሰው ይህን ያየ ነው። ባንቺዓለም የእህል ንግዷን ትታ፣ ከገበያው መሀል የነበራትን ቦታ ለሌላ ለቅቃ እዚህ ጓዳ ከገባች ወዲህ ይባረክ የተባለ እጅ የሷ እጅ አልነበረም።

የዛሬው ግን በዛ። ድስቱን ሰቅላ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ከአጥር ማዶ ያሉትን እማሆይ አመተ ሥላሴን አባቷ ዘንድ እንዲውሉላት ለመነች። እማሆይ ዳዊታቸውን ይዘው መጡ። ባንቺዓለም ከአልጋው ራስጌ ቆማ፣ ሞጣ ደርሳ እንደምትመለስ ነግራ፣ ለሰሎሜ የሚልኩት ቃል ካለ እንዲነግሯት አባቷን ጠየቀች። ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩ «እሷንማ ዘወትር አገኛታለሁ» አሉ። ባንቺዓለም በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ካሜራው ቀና ብላ አየች። የሚያያት ይኑር አይኑር አላወቀችም። ያም ሆኖ ነጠላዋን አስተካከለች።

መንገዱ ሰላም ውሎ ነበርና ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሞልቶ ለመውጣት አልቆየም። ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዶሮዎቹን ከእግሩ ሥር አድርጎ እስከ ደብረ ወርቅ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራት፤ ዘንድሮ ምርቱ ደህና ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም፣ ገበሬው አተረፈ እንዳይሉ ማዳበሪያው በላው አለ። እሷ «እህ፣ እህ» ትላለች እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ለእህቷ የምትናገረውን ትደረድር ነበር። መጀመሪያ በዝግታ ትጀምራለች፤ ኋላ ግን ሁለት ነገር ብቻ ታስቀምጥላታለች፤ ወይ ያንን ካሜራ አንሺልኝ፣ ወይ አባባን ውሰጃቸውና እዚያው አጠገብሽ አድርገሽ እያቸው። ጉንደ ወይን ሲደርሱ ንግግሯ አምሮ ተሰካላት። ማሳው በሁለቱም ወገን ወርቅ መስሎ፣ አጫጁ ጎንበስ ብሎ፣ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር። እሷ ግን ደረቷ ይነድ ነበር። በንዴቱ መሀል ደግሞ አንድ የምታፍርበት ነገር ነበረ፤ ሰሎሜን የምትቀናባት በሀብቷ ወይም በባሏ ቢሆን ለንስሐ አባቷ መናገር በቻለች። በገዛ አባቷ ወሬ መቅናትን ግን ምን ብላ ትናገረዋለች? አርባ አልፏት የለም ወይ?

የስጦታው ሱቅ ከሞጣ መናኸሪያ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። የመስታወቱን በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አባቷን ነበር። ግድግዳውን በያዘ ትልቅ ስክሪን ላይ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ተጋድመዋል። ከስክሪኑ ፊት ሁለት ነጋዴዎች ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ ሰሎሜ ታብሌት ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። ለመጋዘናቸው ካሜራ የሚገዙ ደንበኞች ናቸው። «ይኸው፣ ይህ ቢቸና ነው» ትላለች ሰሎሜ። «አባቴ ናቸው። እዩ፣ ወደ በሩ ላዙረው።» ስክሪኑ ላይ የባንቺዓለም ጓዳ በር መጣ፤ ቀጥሎ የሰቀለችው ድስት፤ ቀጥሎ ሳታነጥፍ ትታው የመጣችው የራሷ መደብ። «አሁን ደግሞ ላቅርብላችሁ» አለችና የአባቷን ፊት አቀረበችው። የፊታቸው ሽብሽብ ስክሪኑን ሞላው። እማሆይ አጠገባቸው ዳዊት ሲደግሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መሪጌታ ግን የካሜራውን ጥርርታ ሰምተው ኖሮ ወደዚህ፣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ነጋዴዎቹ ፈገግ አሉ። ባንቺዓለም በሩ ላይ እንደቆመች ያንን ፈገግታ አየች። በየቀኑ ከሚነሡበት ከሚተኙበት ሳትለይ ይህን ፈገግታ ለማየት ሞጣ ድረስ መምጣት ነበረባት። አንደኛው ነጋዴ ራሱን ነቅንቆ «እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ፤ አባትን ከሩቅ መጦር ቀላል ነው እንዴ?» አለ። ሰሎሜ «አሜን» ልትል አፏን ስትከፍት እህቷን አየቻት።

ደነገጠች፤ ትልቁን ስክሪን ወዲያው አጠፋችው። ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ አባባ ምን ሆኑ አለች፣ አሁን ራሷ ያየቻቸውን ረስታ። ባንቺዓለም ደህና ናቸው አለች፤ እንዳየሻቸው ናቸው አለች። ሰሎሜ ፊቷ ቀላ። ደንበኞቹን ለባሏ ለስጦታው ተወችና እህቷን ከሱቁ ጀርባ ወደምትገኘው ክፍል አስገባቻት። ክፍሏ በካርቶንና በሽቦ የተጨናነቀች፣ አንድ ሶፋና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ያላት ናት። ሰሎሜ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ሻይ አስመጣች። እንግዶቹ የሚገዙት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሲያዩ ደስ ስለሚላቸው ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም፣ አባባም ሲዞር ደስ ይላቸዋል እያለች፣ ያልተጠየቀችውን መመለስ ጀመረች።  ሻዩን አማሰለች፣ ስኳሩ ቢሟሟም አማሰለች።

«አባባ እህል ነሳችኝ ብለው የሚከሱኝ አንቺ ዘንድ ነው?» አለች ባንቺዓለም በመጨረሻ።

ሰሎሜ ልትመልስ ስትል ስጦታው ከፊት ለፊት ጠራት፤ ነጋዴዎቹ ዋጋ ሊቆርጡ ነው። ደቂቃ ብላ ወጣች። ባንቺዓለም በሚኒባሱ ላይ የደረደረችው ንግግር ሁሉ ሳይነገር ቀርቶ ብቻዋን ከታብሌቱ ጋር ተፋጠጠች። የታብሌቱ ስክሪን እንደበራ ነበር። አባቷ አሉ። ከሥዕሉ ግርጌ ክብ ነገር አለ፣ በአራቱም ወገን ቀስት ያለበት፤ ከክቡ አጠገብ የማይክ ምልክት። ሳታስበው ጣቷ ወደ ቀኙ ቀስት ሄደ። ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። የገዛ ቤቷ በጣቷ ሥር ሲዞር ስታይ ደነገጠችና ወደ ግራ መለሰችው። እማሆይ ወንበራቸው ላይ የሉም፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውጭ ከሰው ጋር ሲያወሩ ከሩቅ ይሰማል። አባቷ ብቻቸውን ናቸው። ጥርርታውን ሰምተው ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

«ሰሎሜ» አሉ።

ባንቺዓለም ማይኩን አልነካችም።

«ዝም አትበይኝ። ጧት አልበላሁም ያልሁሽ ሐሰት ነው። እህትሽ አብልታኛለች፤ ጥሩ ገንፎ ነበር። ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ ካልሁሽ ቶሎ ትዘጊዋለሽ፤ ራበኝ ስል ትቆያለሽ። የሽማግሌ ብልሃት ነው፣ ይቅር በይኝ።»  የሚሠራው እጃቸው ብርድ ልብሱን ይዳስስ ነበር። «አሁን ወዳንቺ የሄደችው ይህንኑ ሰምታ ይመስለኛል። ብትቆጣ ፍርዷ ነው። አንቺ ግን ዝም ብለሽ ስሚያት። እኔ ለሷ መናገር አልችል። አልወዳት ብዬ አይምሰልሽ። ስሟን ሳወጣ በዚች ልጅ ዓለም አያለሁ ብዬ ነበር፤ ዓለሙ ቀረና እሷ የኔን ገመና አየች። አንድ አባት ገላውን የምታጥበውን ልጅ ዓይን እንዴት አድርጎ ያያል? ጧት አጥባኝ ማታ ተረት ላውራት? አፌ ይተሳሰራል። አንቺ ዘንድ ገና አባት ነኝ፤ ታከብሪኛለሽ፣ ታስቂኛለሽ። እሷ ዘንድ ምን እንደሆንሁ አላውቅም።»

እማሆይ ወደ ቤት ሲገቡ መሪጌታ ነገሩን ትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባንቺዓለም ጣቷን ከታብሌቱ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ማልቀስ የምትችል መስሏት ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም። አባቷ ያሉት በሙሉ እውነት ነው፤ ከእውነቱም ውስጥ እሷ የያዘችው አንዲት ሐረግ ብቻ ነበረች፤ «አንቺ ዘንድ ገና አባት ነኝ።» ለሰሎሜ የተባለች ናት። ፍቅሩ ለሷ መሆኑን ሰማች፤ አባትነቱ ግን ለሰሎሜ መሆኑን ሰማች፤ ቅናቷ ከጧቱ ይልቅ በረታ። ሰሎሜ የታጠቡ፣ የተበጠሩ፣ ጋቢ የለበሱ አባት ታያለች። ያንን አባት በየጧቱ የሚሠራው ማን ነው? ጠረኑን፣ ቁስሉን፣ ፖፖውን ለባንቺዓለም ትተው፣ ቅኔውንና ሳቁን ወደ ሞጣ ይልካሉ። ሰሎሜም አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ እጇን ከዚያ ውኃ ብትነክር ያ ሁሉ ወሬ ይዘጋባት ነበር። ሐሳቡ ሲመጣባት አልተከላከለችውም።

ሰሎሜ ስትመለስ ምን እያየሽ ነው አለቻት። ምንም፣ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ነበር አለች ባንቺዓለም። ከዚያም ድምፅዋን አለሳልሳ፣ ልክ እንደ ሰሎሜ አለሳልሳ፣ ወገቧን እንዳመማት፣ ሐኪም እረፍት እንዳዘዘላት ነገረቻት፤ ሐኪሙ እውነት ነበር፣ ያዘዘው ግን ቆይቷል። አንድ ሳምንት እዚህ ሆና ልጆቹን እንድትይዝ፣ ሰሎሜ ደግሞ ወደ ቢቸና ሄዳ አባባ ዘንድ እንድትቆይ ጠየቀቻት። ሰሎሜ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሷ እንቢ ትላለች ብላ የጠበቀች ባንቺዓለም ግራ ገባት። ምነው እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም አለች ሰሎሜ፣ ናፍቀውኛል፣ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው እያየኋቸው እጃቸውን ሳልነካ ዓመት ሊሞላ ነው። ስጦታውም መጥቶ፣ ሱቁን እኔ እይዛለሁ፣ የከሰዓቱ መኪና ሳያመልጥሽ ሂጂ አለ። ቤት ሄደው ሰሎሜ ልብሷን በቦርሳ ስትከት ባንቺዓለም የእጥበቱን ነገር አስረዳቻት፤ ውኃው ለብ ያለ እንዲሆን፣ ከጀርባ እንድትጀምር፣ ግራ ክንዳቸውን ስትይዝ እንዳታስጨንቃቸው። ካሜራውን ፎጣ እንደምታለብሰው ግን አልነገረቻትም። ረስታው አይደለም።

የሰሎሜ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ በልተው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው ሳሉ ፀሐይዋ ወደ መጥለቁ ነበረች። ባንቺዓለም ሰሎሜ የተወችላትን ታብሌት ይዛ ሳሎኑ ጥግ ተቀመጠች። ሰሎሜ ቢቸና ስትገባ አየቻት። የአባቷን ጉልበት ወድቃ ስትስም፣ አባቷ በደህናው እጃቸው ራሷን ሲዳስሱ፣ «መጣሽልኝ?» ሲሉ ሰማች። እማሆይ መርቀው ወጡ። ሁለቱ ሲስቁ ቆዩ። ባንቺዓለም ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ተሳስቼ ይሆን፣ ፊታቸው ለሷ ላይጨልምባት ይችላል፣ እኔ ብቻ ነኝ የምከብዳቸው እያለች ሥዕሉን አቀረበችው፤ የሁለቱን ፊት አንድ ላይ አድርጋ አቀረበችው።

ቆየት ብሎ ሳቁ ተቋረጠ። የአባቷ አፍንጫና ግንባር ተኮማተረ። ባንቺዓለም ያንን ፊት ታውቀዋለች። ሰሎሜ መጀመሪያ አልገባትም፤ ኋላ ግን አንሶላው መርጠቡን አየችና ተነሥታ ውኃ ልታሞቅ ሄደች። መሪጌታ «ተይው፤ እማሆይን ጥሪልኝ» አሉ። ሰሎሜ «እኔ እያለሁ ምን ሲደረግ» አለች። ባለማወቅና በደግነት ነው ያለችው። ሳፋውን አመጣች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ያን ጊዜ የአባቷ ፊት እንደ በር ተዘጋ። ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰሎሜ ይሄ ያማል ወይ፣ እንዲህ ይሻላል ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ እሳቸው አይመልሱም። ከዚያ «አዙሪኝ» አሉ። ከዚያ «በቃ» አሉ።

እሰይ አለች ባንቺዓለም በልቧ። ሲያዋርዳት የኖረውን ቃል እህቷ ስትጠጣው ማየት እንደ ቀዝቃዛ ውኃ አረካት። የሰሎሜ ዓይን እንባ ሲያቀርር በደንብ ታየዋለች፤ ሁሉንም በቅርብ አድርጋ ይዛዋለች። ከዚህ በኋላ እሷም እንደኔ ናት አለች። እያየች ሳለች ግን የአባቷ ደህና እጅ ከአልጋው ጫፍ ተነሥቶ የተገለጠውን ብርድ ልብስ ወደ ራሱ ለመሳብ ሞከረ። አልደረሰም። እንደገና ሞከረ። ጣቶቹ ብርድ ልብሱን ሳይሆን አየሩን ጨበጡ። ሰሎሜ ወደ ሳፋው ጎንበስ ብላ ነበርና አላየችም። ያየችው ባንቺዓለም ብቻ ናት፣ ከሞጣ፣ ከሶፋ ላይ፣ ራሷ ባቀረበችው ሥዕል። ስትስቅ የኖረች ይመስል ደረቷ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

የግራውን ቀስት ያዘችው። ሥዕሉ ከአልጋው ራቀ፤ በሩን አለፈ፤ ጥጉ ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ ወደ ላይ አደረገችው። ስክሪኑ ላይ የቀረው በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ብቻ ሆነ። ጣቷን አነሣች። በድምፅ ማጉያው የውኃው ጠብታ ይሰማ ነበር።

«ማን ነው ያዞረው?» አሉ አባቷ።

«እትዬ ባንቺ ትሆናለች፤ መቆጣጠሪያው እሷ ዘንድ ነው» አለች ሰሎሜ።

 ልብስ ሲቀየር፣ ሳፋው ሲነሣ፣ በሩ ተከፍቶ ውኃው ውጭ ሲደፋ ተሰማ። ባንቺዓለም ግድግዳውን ታያለች፤ ኖራው አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ እንደነበር እስከ ዛሬ አላስተዋለችም። ልጆቹ ስለ አንድ ጥያቄ ይከራከራሉ፤ አልሰማቻቸውም። ካሜራውን ለመመለስ አልደፈረችም፤ ለመዝጋትም አልቻለችም።

«ባንቺዓለም» አሉ አባቷ ከግድግዳው ወዲያ።

ስሟን ሙሉውን ከጠሯት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። ማይኩን ተጫነችው። «አቤት፣ አባባ።»

«ቀትር ላይ ዝም ብሎ ያዳመጠኝም ያንቺ ጆሮ ነበር?»

«የኔ ነበር።»

  ባንቺዓለም ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ምኑን ይቅር እንደምትባል ግን ብዙ ሆነባትና ለይታ ማንሣት አቃታት። ይናደዱብኛል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች።

«እንግዲህ ሰምተሻል» አሉ መሪጌታ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ሲመለስ ሌላ ነበር፤ ከጓዳ ሆና የምታዳምጠው፣ ለሌላ የሚነገረው ድምፅ ነበር። «ሞጣ ብርዱ እንዴት ነው?»

«ኃይለኛ ነው፣ አባባ። ከቢቸናስ አይገናኝም። በነጠላ ብቻ ወጥቼ ተንቀጠቀጥሁ።»

«አዬ፣ በኅዳር በነጠላ ሞጣ ይወጣል? የአሮጊት ጅል» አሉና ሳቁ፤ ሰሎሜም ከወዲያ አፍንጫዋን እየሳበች ሳቀች። «ሂጂ፣ እህትሽ ቤት ያለውን ጋቢ ፈልገሽ ደርቢ። ደርበሽ ነይ፤ ሞጣ ላይ ብርድ የነዳው አንድ ተማሪ ያደረገውን አጫውትሻለሁ። አትዝጊው፣ እጠብቅሻለሁ።»

ባንቺዓለም ታብሌቱን ሶፋው ላይ አኖረችና መኝታ ቤት ገባች። ጋቢው ቁም ሳጥኑ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወስዳ ደረበችው፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተከናነበችውና ፈጥና ተመለሰች።